አሥራ አንድ ቀን የቆየው እንግዳ

አባቴ አፉን ከፍቶ ሲስቅ የሚያሳየውን ፎቶ የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የአባቴ የታች ጥርስ አንዱ መውለቁን አላውቅም ነበር። ፎቶው በቴሌግራም ሲደርሰኝ አዲስ አበባ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ማንም የማይሰማው ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከሥሩ «አባባ ሰላም ይሉሃል» ተብሎ ተጽፎበታል። የማን አባባ? አልኩ በሆዴ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼው ትንሽ ቆየሁና መልሼ ገልብጬ አየሁት።

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ቀናሁ። በሰው ደመወዝ ቀንቼ አላውቅም፤ በሰው ቤትም በሰው መኪናም እንደዚያው። ጎረቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ሲጨምር «እግዜር ይጨምርልህ» ብዬ ከልቤ መርቄዋለሁ። በዚያ ፎቶ ግን አንጀቴ አረረ።

ባልደረባዬ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መኪና የለውም፤ ሚስትም የለችውም። እኛ የዓመት ፈቃዳችንን ለሐዋሳና ለቢሾፍቱ ስናስቀምጥ እሱ አንድ ቦርሳ ይይዝና ስሙን ሰምተን ወደማናውቀው ከተማ በአውቶቡስ ይሄዳል። ደስ ያለው ቦታ ይወርዳል፤ ርካሽ አልጋ ይይዛል፤ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እስኪጠይቀው ይጠብቃል። ቢሮ ውስጥ «እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ማየት የሚፈልገው ሰውዬ» እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። «ቦታ ለማየት የቸኮለ ሰው ያመልጠዋል» ይላል። እኔ ይህን የሚለው መኪና ስለሌለው ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አገሬ የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሺንሺቾ» አልኩት። «ከምባታ ነው። ከሆሳዕና ወዲያ፣ ከዱራሜ ትንሽ አለፍ ብሎ።»

«ሄጄ ባየው ቅር ይልሃል?»

«ሺንሺቾ ምን አለ ብለህ ነው? አንድ መንገድ፣ ባጃጅና እንሰት። በአንድ ሰዓት ጨርሰኸው ትወጣለህ።»

«እኔ የምፈልገው እኮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ነው» አለኝ።

የገዛ አገሬን እንዲያ አቃልዬ መናገሬ ያኔ አልተሰማኝም። የአባቴን ስልክ ቁጥር እየሳቅኩ ሰጠሁት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ጡረተኛ መምህር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከታናሽ እህቱ ከአክስቴ ጋር ይኖራል። ቁጥብ ሰው ነው፤ ቦርዱ ፊት እንደቆመ ሰው፣ ቃል ሲወጣው ጠመኔ የሚያልቅበት ይመስል ቆጥቦ ይናገራል። አንድ ሌሊት አድሮ ይሰለቸዋል፣ በማግስቱ ይመለሳል ብዬ ነበር።

እኔ በዓመት ሦስት ጊዜ እሄዳለሁ። በማለዳ ከአዲስ አበባ እነሳና ምሳ ሰዓት እደርሳለሁ። ስኳር፣ ዘይት፣ የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት አወርዳለሁ። ቆጮና አይብ ቀርቦ እንበላለን፤ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ዜና እንሰማለን፤ ስለ ዝናቡ ይነግረኛል፤ ስለ ልጆቼ ትምህርት እነግረዋለሁ። በማግስቱ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳለሁ። ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በመንደሩም ስሜ ሲነሳ «አባቱን የማይረሳ» ነው የሚባለው፤ ይህንንም በጆሮዬ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ባልደረባዬ ጉዞውን የጀመረው ከሆሳዕና ነው። ሁለት ቀን እዚያ ተቀምጦ በሦስተኛው ቀን ከገበያ በሚመለስ የፈረስ ጋሪ ወደ ሌሞ ገጠር ወጣ፤ የገብስ ማሳ ፎቶ ላከልኝ። ከዚያ ለገበያ ቀን ብሎ ቦኖሻ ወረደ። «በርበሬው አስነጥሶ ገደለኝ፣ ግን አንዲት ሴትዮ ጥላዋ ሥር አስቀምጣኝ ዋልኩ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንጋጫ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በእነዚህ ከተሞች መሀል አልፌያለሁ፤ የማውቀው ግን ፍጥነት ማብረጃዎቻቸውን ነው። አንጋጫ ለኔ ሁለተኛ ማርሽ ማለት ነበረች። እሱ እዚያ ሦስት ሌሊት አደረ፤ ያደረበት ቤት ልጆች ሲለዩት አለቀሱ አለ። እያሾፍኩ መለስኩለት፤ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አድርጎኝ ነበር።

ሺንሺቾ ሲደርስ ፎቶዎቹ በዙ። አባቴ እንሰት መሀል ቆሞ። አባቴ የሰው በረንዳ ላይ ወተት ሲጠጣ። አባቴ በእንጨት መሬት ላይ ቁጥር እየጻፈ ሲያስረዳ። ሦስተኛ ቀን፣ አምስተኛ ቀን፣ ስምንተኛ ቀን። አባቴን ደውዬ «እንግዳው አላስቸገረህም?» አልኩት።

«ምን ያስቸግራል? ጨዋ ልጅ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ጊዜ አለው» ብሎ ጨመረ።

ይህቺ «ጊዜ አለው» የምትባል ነገር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም።

ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ። አባቴ በአማርኛ ሲያወራ ነው። ከኔ ጋር የምናወራው በከምባትኛ ነው፤ በከምባትኛው ደግሞ አባቴ አጭር ሰው ነው፤ አዎ፣ አይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። በአማርኛው ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ልጅ እያለ ለትምህርት ከሺንሺቾ ሆሳዕና ድረስ በእግሩ እንዴት እንደሄደ ይተርካል። ቆጮ በኮባ ጠቅልሎ፣ መንገድ ላይ መሽቶበት፣ የማያውቃቸው ሰዎች ቤት አድሮ፣ ጠዋት የቤቱ አባወራ ወንዙን አሻግሮት እንደተመለሰ፣ ሲመለስም ራሱ ሰውየው በጎርፉ ሊወሰድ ምንም እንዳልቀረው። እያስመሰለ ይናገራል፤ የወንዙን ድምፅ ሁሉ ያወጣል። ባልደረባዬ ከጀርባ ይስቃል። እኔ ይህን ታሪክ በአርባ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ያውም ለሌላ ሰው ሲነገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በስልክ። ሁለቴ ሰማሁትና አጠፋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንዲልክልኝ ባልደረባዬን ለመንኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሳ። ሰኞ ቢሮ ሲገባ አክስቴ የላከችልኝን ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። ያወራኝ ስለ ሽኝቱ ነው።

በእኛ አገር እንግዳ ከበር አይሰናበትም። ባለቤቱ አብሮት ይወጣል፤ ተራውን እንግዳ እስከ መንገዱ፣ የተወደደውን ደግሞ እስከሚቀጥለው መንደር ድረስ በእግሩ ይሸኘዋል። እንግዳው «በቃ ይመለሱ» ይላል፤ ባለቤቱ «ጥቂት ነው የቀረን» ይላል። አንዳንዴ እንግዳው አዝኖ ሸኚውን መልሶ እስከ ግማሽ መንገድ ይሸኘዋል፤ ልጅ ሳለሁ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ሲመላለሱ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሲጨርሱ አይቻለሁ። እኔ መኪና ከገዛሁ ወዲህ ግን አባቴ ሸኝቶኝ አያውቅም። መኪና ያለው ሰው አይሸኝም፤ ሞተር አስነስቶ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል። መጀመሪያ ሰሞን አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ሊወጣ ሲል «ይቅርብህ አባዬ፣ ጭቃ ነው» እለው ነበር። በኋላ ባርኔጣውን ማንሳት ተወ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የሸኙኝ» አለኝ ባልደረባዬ። «ያላስተዋወቁኝ ሰው የለም። ደሞ ሐምበሪቾ ተራራ ከየት ከየት እንደሚታይ ያውቃሉ፤ እዚህ ጋ ቁም፣ አሁን ወደ ቀኝ እይ እያሉ። እሳቸው ባያዩትም…» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓይናቸው ግን በጣም ነው የደከመው። ታውቃለህ አይደል?»

አላውቅም ነበር። ምንም አላውቅም ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ከድንጋጤው የቀደመው ቅናቴ ነው፤ ስለ አባቴ ይህ ሰው የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ብዬ ፊቱ መናገር ሞቴ ሆነብኝ።

«አውቃለሁ እንጂ» አልኩት። «ቆየ እኮ።»

«ክንዴን ይዘው ነው የሄድነው» አለ። «ቦዩ ጋ ስንደርስ ብቻ ያጠብቁኛል።»

«አዎ፣ እንደዚያ ያደርጋል» አልኩ። ከኔ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም።

ዋሽቻለሁና መልሼ መጠየቅ አልቻልኩም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ቢሮ ውስጥ እሱን ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። ቅዳሜ ሳልደውል ተነሳሁ።

ሺንሺቾ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ መኪና አያስገባም፤ አስፋልቱ ዳር አቁሜ በእግሬ ገባሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የአጥሩን በር ስከፍት ቀና አለ፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ በራ። እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«መጣህልኝ!» አለ በአማርኛ። «ባትደውልም እንደምትመጣ አውቄያለሁ፤ ና ግባ ልጄ!»

በአማርኛ። ከኔ ጋር አባቴ አማርኛ አያወራም። በእግሩ የሚገባ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ከመድረሴ በፊት ሞተሬ ይሰማል። ቆሜ ቀረሁ። ለአንድ አፍታ ባልደረባዬን በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።

«እኔ ነኝ አባዬ» አልኩ በከምባትኛ።

ፊቱ ተለወጠ። አልከፋውም፤ ተሰበሰበ ብል ይሻላል። ጀርባውን አቀና፣ ኮሌታውን ነካ አደረገ፣ ዓይኑን በትክክል ወደ ድምፄ አዞረ። «አንተ ነህ እንዴ? ደህና ገባህ? ከሳ ብለሃል» አለኝ። ከሳ ብለሃል! በእርግጥ አይቶኛል ብዬ ላምነው ምንም አልቀረኝም።

ያን ቀን ማታ ራት ላይ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ብርጭቆው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ እጁ ወደዚያ ይሄዳል፣ ጫፉን በጣቱ ይነካል፣ ከዚያ ያነሳል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው ሲናገር ወደ ስክሪኑ ያያል፤ ድምፁ ሲጠፋ ወደኔ ያያል። እንከን የለውም። ሠላሳ ዓመት ክፍል ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ተማሪ እንዴት እንደሚታለል ያውቃል።

አክስቴን ማድ ቤት ተከትያት ገባሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቃል አስገብቶኝ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሆሳዕና ሐኪም አይቶታል፤ ነርቩ ነው፣ የቀረችውን ብርሃን በጠብታ እናቆያት ብለውታል። አንተ ከሰማህ ጠቅልለህ አዲስ አበባ እንደምትወስደው ያውቃል። እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልሆን ነው ይላል።»

«እኔ ስመጣ እንዴት ሳላይ?»

አክስቴ ድስቱን ከደነች። የተናገረችው በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። «አንተ ልትመጣ ስትል ከሁለት ቀን በፊት ይለማመዳል። ወንበሩን ያስተካክላል፣ እርምጃውን ይቆጥራል። የምታድረው አንድ ሌሊት ነው፤ አንድ ሌሊት መደበቅ አያቅትም። ያ ልጅ ግን አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። አሥራ አንድ ቀን ማን ይችላል? በአራተኛው ቀን ደከመውና ተወው።»

አባቴ በሱ ፊት ደከመው። በኔ ፊት ግን አንዴም አልደከመውም፤ ጊዜ ሰጥቼው አላውቅማ። ስንት ኪሎ ስኳር እንዳወረድኩ አስብና እናደዳለሁ። ከተሞቹም እንደ አባቴ ናቸው መሰለኝ፤ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ኮሌታቸውን አስተካክለው ባጃጅና ቆርቆሮ ያሳያሉ፤ በአራተኛው ቀን በረንዳው ላይ ለተገኘ ሰው ደግሞ ወንዙን፣ ጎርፉን፣ የወለቀውን ጥርስ ሁሉ ያወጡለታል። ይህን የተረዳሁት በትሕትና አይደለም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው። ደግሞ የሚያናድደው ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ተቀመጠ እንጂ ምን አደረገ?

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ለባብሶ ጨረሰ። ለኔ የሚሰጠው ቆጮ በኮባ ታስሮ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። ሰዓቴን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

«ሰዓትህ ደርሷል» አለኝ።

«መኪናዬ አስፋልት ዳር ነው አባዬ። እስከዚያ ሸኘኝ።»

«ጭቃ ነው እኮ» አለ።

«ይሁን።»

ባርኔጣውን አደረገና ወጣን። እጆቹን ከኋላው አቆላልፏል፤ ክንዴን አልያዘም። በቀስታ ነው የሚሄደው፤ ከንፈሩ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ እርምጃውን እየቆጠረ ነው። ሰው ሲገጥመን በድምፁ ያውቀዋል፣ በስሙ ይጠራዋል፤ ሰዎቹም ያውቃሉ፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቀድመው ድምፃቸውን እያሰሙ ነው የሚመጡት። ማንም ግን በኔ ፊት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ባልደረባዬም በዚህ መንገድ ሄዷል፤ አባቴን በክንዱ ይዞ። እኔ ከጎኑ ባዶ እጄን እየሄድኩ ነው፤ ልጁ ሆኜ።

አቀበቷ ላይ ስንደርስ ቆመ። ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ።

«ሐምበሪቾ ዛሬ ጥርት ብሏል» አለኝ። «አየኸው?»

አየሁ። ጉም ነው። ከተራራው ጫፉም እግሩም አይታይም፤ ከእንሰቶቹ ወዲያ ነጭ ጉም ብቻ ነው። አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ ለባልደረባዬ «አውቃለሁ» ብዬ ዋሽቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ለአባቴ «አየሁ» ብዬ ልዋሽ ነው። አዎ ብለው ሁለታችንም በሰላም አስፋልቱ እንደርሳለን፤ እሱ ቆጮውን ይሰጠኛል፤ እኔም በመስኮት እጄን አወዛውዤ እሄዳለሁ።

«አይታይም አባዬ» አልኩት። «ጉም ነው።»

ፊቱ ወደ ቀኝ እንደዞረ ቆየ። ከኋላችን ያለ ጋሪ ደርሶ አልፎን ሄደ፤ ባለጋሪው «መምህር» ብሎ ሰላም አለው፤ አባቴ ባርኔጣውን ነካ አደረገለት።

«ያ ልጅ ነገረህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ነገረኝ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«አላውቅም። ዛሬ ግን አልሄድም። ፈቃዴን አልጨረስኩም፤ እቆያለሁ። የትም አልወስድህም፤ እቆያለሁ ብቻ።»

ጥቂት ተራምዶ እንደገና ቆመ። ከፊታችን መንገዱን የሚያቋርጠው ቦይ ነው፤ ዝናቡ ሞልቶት ውሃው ይሰማል። መኪናና ጋሪ ውሃውን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ለእግረኛ ግን ከጎኑ አንዲት ጠባብ ሳንቃ ተጥላበታለች። አባቴ እጆቹን ከጀርባው ፈታ። እግሩን አስቀድሞ መሬቱን ዳበሰ፤ ከዚያ እግሩን መለሰ።

«እንግዲያው ክንድህን አምጣ» አለኝ።

ተጣደፍኩ። ቀኝ እጁን ያዝኩና ክንዴ ሥር አስገባሁት። አንድ እርምጃ ልራመድ ስል ግን ጎትቶ አቆመኝ።

«በዚህ አይደለም» አለ። «ያ ልጅ የሚይዘኝ በግራዬ በኩል ነው።»

ለቀቅኩት። ከኋላው ዞሬ በግራው በኩል ቆምኩ።